ሃያ ላም፣ አንድ ጣሳ

መምህሩ ልጄን ውሸታም ያላት ማክሰኞ ቀን ነው፤ በክፍሉ ተማሪ ሁሉ ፊት። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ግን የነበርኩ ያህል ይታየኛል። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ እስክሪብቶው ወረቀቱን ይቀድብኛል። ከፍርሃት ይሁን ከንዴት አላውቅም፤ እኔ ዘንድ ሁለቱ አብረው ነው የሚያድሩት።

ልጄ የምትማረው እዚሁ ሆሳዕና፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ የእንስሳት ጤና ነው። ስታትስቲክስ የሚባል ትምህርት አላቸው። ተማሪዎቹ «ስታት» ይሉታል፣ የጎረቤት ልጅ የሚጠሩ ይመስል። ባለፈው ዓመት ወስዳው ወደቀች። ዘንድሮ ደግማ እየወሰደችው ነበር፤ አሁንም ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች። ይህን የነገረችኝ ቆጮ እየቆረሰች፣ ዓይኔን ሳታይ ነው። ከልጆቼ ኮሌጅ የረገጠች እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታት የሚሉት ነገር ደጃፌ ላይ እንደተኛ ጅብ ሆነብኝ፤ ስገባም ስወጣም እፈራዋለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ በተወለድኩበት በአንጋጫ አካባቢ። ከከምባታ መጥቼ ሀዲያ አገባሁ፣ ሆሳዕና ገባሁ፤ ንባቡና ጽሕፈቱ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው የተስተካከለልኝ። እንዲህም ሆኖ ያን ሰሞን ስታት የተማርነው ሁለታችን ነን። እኔ ዕቃ ሳጥብ እሷ በረንዳው ላይ ሆና ታነባለች፤ ካልጮኸች አይገባትም። እንግሊዝኛውን ትልና ለእኔ በሀዲይኛ ወይ በአማርኛ ትፈታዋለች።

«አማካይ ማለት፣ አማ፣» ትለኛለች፤ እናትን አማ ነው የምንለው፤ «ሁሉንም ደምረሽ ለብዛታቸው ስታካፍዪው ነው።»

«እሺ።»

«ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ እያንዳንዱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያል። ሁሉም እኩል ከሆኑ ዜሮ ይመጣል።»

«እኩል የሆነ ነገር ደግሞ የት አለ? የአንድ እጅ ጣት እንኳ እኩል አይደለም።»

«መምህራችንም ልክ እንዲሁ ነው ያለው!» ብላ ሳቀች።

መልሱን እኔው በገዛ አፌ ተናግሬው ነበር እኮ። እንዲህ ብዬ ተናግሬም ነው ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ያደረግኩት።

መምህሩ ሥራ ሰጣቸው። ላም ያላቸውን ሃያ ቤቶች መርጠው በቀን ስንት ሊትር ወተት እንደሚያልቡ ጠይቀው፣ ቁጥሩን ጽፈው፣ አማካዩን አውጥተው ማምጣት። ከውጤቱ ግማሹ ያህል በዚህ የሚያዝ ነው። የሰፈሩን ባለ ላሞች ስም በወረቀት ጽፋችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ ዕጣ አውጡ ብሏቸዋል፤ የዘመድ ቤት እየመረጡ መሄድ አይሆንም።

«ዕጣ?» አልኩ። «ዕጣው ከቆርቆሮ ሰፈር በታች ቢጥልሽስ? ውሻ አለ። ጎረምሳ አለ። የማታውቂው ሰው ግቢ ገብተሽ ላምሽ ስንት ትታለባለች ብትዪ ማን ደህና ያይሻል?»

«አማ፣ ሕጉ እንደዚህ ነው።»

«እኔ ሃያ ሴት እሰጥሻለሁ። የዊጆዬ ሴቶች ሃያ አይደለን? በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ትጨርሻለሽ።»

ዊጆ ለማያውቅ ልንገረው። አንድ ላም ያላት ሴት ወተቷ ብቻውን ተጠራቅሞ ተንጦ ቅቤ እስኪሆን ድረስ ብዙ ቀን ይፈጅባታል። ስለዚህ እንሰባሰባለን። የእኛ ረቡዕና ቅዳሜ ነው። እያንዳንዳችን በአንድ ጣሳ ልክ ወተት ይዘን እንመጣለን፤ ጣሳው የወተት ዱቄት የነበረበት አሮጌ ቆርቆሮ ነው፣ ሊትር ያህል ይይዛል። የሃያ ሴት ወተት ለአንዷ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ለሌላዋ። ላሟ ብዙ የምትታለብም ትንሽ የምትታለብም የምታመጣው ያው አንድ ጣሳ ነው። የተረፈሽ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ላም ስትታለብ ዕቃውን በነጠላ ሸፍነን ነው የምንገባው። የላምን ወተት በቁጥር መናገር ለክፉ ዓይን መስጠት ነው።

ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ በስሙ ዓይን አልፈራም እላለሁ። ግን እፈራለሁ። ልጄ ሕፃን ሳለች ቀይ ላም ነበረችኝ። ባሌ ሀደሮ ከተማ ግንበኝነት ሥራ ላይ ሆኖ፣ ልጆቹ ያደጉት በእሷ ወተት ነው። አንድ እንግዳ ሰው አይቶ «ይቺ ላም ስንት ትሰጣለች?» ሲለኝ በኩራት ነገርኩት። ሳምንት ሳይሞላ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። የነፋት አልፋልፋ የሚሉት መኖ ነው፣ ርጥቡን በልታው ነው ይላሉ። ልጄም በትምህርቷ እንደዚያ ነው የምትለው። እኔ ግን የማውቀው ቁጥር እንደተናገርኩ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ዊጆው የሚሰበሰበው በሰብሳቢያችን ግቢ ነው። እሳቸው ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጣሳውን የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። ልጄ ደብተሯን ከፍታ አንድ በአንድ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ላምዎ በቀን ስንት ትሰጣለች?»

«አንድ ጣሳ፣» አሉ ሰብሳቢዋ። ወተታቸውን እያሳዩ።

ቀጣይዋም «አንድ ጣሳ።» ቀጣይዋም። ሙስሊሟ ጎረቤቴ፣ ምላሷ መቼም ቤቷ አይውልም፣ «ጻፊ የኔ ቆንጆ፣ አንድ ጣሳ፤ እሱንም እየለመንኳት፣» ብላ ሁሉን አሳቀች። ሁላችንም ሁለት ሦስት ጣሳ የምትሰጥ ላም እንዳላት እናውቃለን።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ላማችንን ብዙ ቀን የምታልባት ራሷ ናት እኮ! ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል።

«አንድ ጣሳ፣» አልኩ።

ጻፈችው። ምን ታድርግ? ሃያ እናት በአንድ ላይ ትዋሻላችሁ ትበል? መንገድ ላይ «አማ፣ የእኛ ላም እኮ...» ብላ ስትጀምር «ዝም በይ! መንገድ ላይ ነን፣» አልኳት።

ማክሰኞ ከኮሌጅ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። ካንዴም ሁለቴ ለምኜ ነው የነገረችኝ። መምህሩ ወረቀቷን አንሥቶ ለክፍሉ አሳየ። ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ሁልጊዜ ኮት የሚለብስ።

«ተመልከቱ፣» አለ። «ሃያ ላም። ሃያው አንድ ሊትር። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዜሮ! ላሞቹ ዩኒፎርም ለብሰው ነው እንዴ የሚታለቡት?»

ስልሳ ተማሪ ሳቀ።

«መምህር፣ ጠይቄ ነው የጻፍኩት።»

«ዛፍ ሥር ቁጭ ብለሽ ነው የጻፍሽው። የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ቁጥሩን ይለያይ ነበር፤ አንቺ ለውሸትም ሰነፍሽ።»

ከእናቴ ጠይቄ ነው አላለችም። የእናቴ ዊጆ ነው አላለችም። የኔን ውሸት በራሷ ላይ ደርባ፣ ስልሳ ሰው እየሳቀባት፣ ተቀመጠች። ይህን ስሰማ መምህሩን ጠላሁት። ሰብሳቢዋን ጠላሁ። ጎረቤቴን ከነቀልዷ ጠላሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጣሳ ያለውን የራሴን አፍ ጠላሁት፤ ንዴት ደግሞ በራስ ላይ ሲሆን የሚያወርዱበት ቦታ የለውም።

በነጋታው ማለዳ የዊጆውን ጣሳ ከሰብሳቢዋ ቤት ወስጄ ኮሌጅ ሄድኩ። ለምን እንደምፈልገው አልነገርኳቸውም። ግቢው በር ላይ ስደርስ ልመለስ ብዬ ነበር። ቢሮ የሚባል ቦታ ስገባ አጥፍቼ የተያዝኩ ነው የሚመስለኝ፣ ዕድሜ ልኬን።

«እናት፣ ወዴት ነው?» አለኝ ዘበኛው። «በቆርቆሮ መለመን አይቻልም እዚህ።»

«ልመና አይደለም። ስታት ነው።»

ምን እንዳሰበ እንጃ፣ አሳለፈኝ።

መምህሩን ብዙ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ወረቀት እያረመ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ የምለው ይጠፋኛል። ጣሳውን ወረቀቱ ላይ አኖርኩት።

«ልጄ ውሸታም አይደለችም፣» አልኩት። «ውሸታሞቹ እኛ ነን።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዊጆውን፣ ጣሳውን፣ ዓይኑን። አማርኛዬ ሲቸኩል ከከምባትኛ ጋር ይደባለቃል፤ ገባውም አልገባውም ቀጠልኩ። ጣሳውን አገላብጦ አየው። ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ!

«እናቴ፣ ተረዳሁዎት፣» አለ። «ግን እኮ ያው ነው። ልጅዎ ብትዋሽም እናንተ ብትዋሹም ዳታው ውሸት ነው። ደግሞ ዕጣ አውጡ ብዬ ነበር።»

ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ። ቢሳሳት ኖሮ ስድቤን አወርድበት ነበር።

«ታዲያ ምን ትሁን?»

«እነዚያኑ ሃያ ላሞች ለክታ ታምጣ። መጠየቅ የለም፤ በሊትር መለካት። እስከ ዓርብ። ዓርብ ካላመጣች እኔም የምረዳት ነገር የለም።»

«በክፍል ፊት ውሸታም ያልካትስ?»

«ዳታውን ታምጣና እናያለን፣» አለ። ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ ከሰዓት ዊጆ ነበር። ጣሳውን መለስኩና ሴቶቹ ሁሉ እስኪመጡ ጠበቅኩ። ከዚያ ተነሥቼ የሆነውን ነገርኳቸው፣ ያሉትን ሳልቀንስ። ዛሬ ማታና ነገ ጠዋት የምታልቡትን ሳትነኩ አቆዩልን፣ እኔና ልጄ በጆግ እየዞርን እንለካለን አልኩ።

ግቢው በአንድ አፍ ተንጫጫ። «ቁጥር? ተጽፎ?» «መንግሥት ጋ የሚሄድ ነው?» ሰብሳቢዋ እጃቸውን አነሡ።

«በዚህ ግቢ የወተት ቁጥር ተነግሮ አያውቅም፣» አሉ። «ልጅሽ ሌላ ሰፈር ትሂድ።»

«እትዬ፣ ሁለት ቀን ነው ያላት። ሃያዎቹ እናንተ ናችሁ።»

«አይሆንም አልኩሽ።»

ያኔ ነው የፈነዳሁት። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። «ልጄ የእናንተን አፍ ጠብቃ ነው የተሳቀባት!» አልኩ። «ሃያ ሴት የዋሸነውን አንዲት ልጅ ተሸከመችው። አንድ ጣሳ! አንድ ጣሳ! ማናችን ነን አንድ ጣሳ የምናልብ? እሺ፣ እኔ ልጀምር። የእኔ ላም...»

ቁጥሩንም ተናገርኩ። የጠዋቱን ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እየሰማ። ቀይዋ ላሜ ሆዷ ተነፍቶ መሬት ላይ ተንጋላ ታየችኝ።

ቀድማ የተናገረችው ጎረቤቴ ናት። «ማሻአላህ!» አለች። «ይህን ሁሉ ወተት ይዘሽ ነው ባለፈው እኔ ጋ ለሻይ ወተት የላክሽብኝ?» ሴቶቹ ሳቁ። «ኑና ለኩ የኔን፤ ግን መጀመሪያ ማሻአላህ ሳትሉ ጆጉን ከፍ ያደረጋችሁ እንደሆነ በጆጉ ነው የምላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እሺ አሉ። አንዳንዷ ለልጅሽ ስንል ነው እያለች፣ አንዳንዷ እያጉረመረመች። ሰብሳቢዋ ብቻ ወደ ቤት ገቡ። በር ላይ ሆነው «እኔ ጋ ነገ ጠዋት ኑ፣» አሉ።

ያን ምሽት ከመጨለሙ በፊት እኔ በላይኛው በኩል፣ ልጄ በታችኛው በኩል፣ መስመር ያለው የፕላስቲክ ጆግ ይዘን ዞርን። የላሞቹ ወተት እንደ ሴቶቹ ፊት የተለያየ ነበር። የአንዷ ጆጉን ሞልቶ ፈሰሰ። ሌላዋ ለዊጆ ሰጥታ ለልጆቿ ምንም እንደማይተርፋት ያኔ አየሁ፤ ስንት ዓመት አብረን ስንሰፍር ኖረን! በየቤቱ ቁጥሩን በሹክሹክታ ነበር የምንነጋገረው።

ሐሙስ ማለዳ የቀረውን ልንለካ ስንወጣ ሰብሳቢዋን አስፋልቱ ዳር ቆመው አገኘናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቦኖሻ መንገድ ያያሉ። ሳንደርስባቸው የመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ በመስኮት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አቀበላቸውና «እትዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ! ቀን ተምታታብዎት?» ብሎ ሄደ። ዞር ሲሉ እኔንና ልጄን አዩን።

ጀሪካኑን ነጠላቸው ውስጥ ሊያስገቡት ሞከሩ። ከዚያ ተዉት።

«ላሜ ከነጠፈች ስምንት ወሯ ነው፣» አሉ። «የወንድሜ ሚስት ከቦኖሻ ትልክልኛለች። ለረቡዕ አንድ፣ ለቅዳሜ አንድ። የዛሬው ለእናንተ ጆግ ነው፤ ትናንት ደውዬ ለምኛት።»

ወተት የሌላት ከዊጆ ትወጣለች፤ ደንቡ ነው። ደንቡን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ትናንት የጮህኩባቸው በኩራታቸው መስሎኝ ነበር።

ልጄን እጇን ይዤ ወደ ጎን ወሰድኳት። «አንድ ሊትር ብለሽ ጻፊና እንሂድ፣» አልኳት። «ማን ያውቃል?»

አየችኝ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። «አማ፣ ደግሞ?» አለች።

ሰብሳቢዋ ሰምተው ኖሯል። ቀርበው ደብተሯን አዩ። ማንበብ አይችሉም፤ እንዲያው አዩት። «ስሜ አለበት?»

«የለም እትዬ። ተራ ቁጥር ብቻ ነው። እርስዎ ሃያኛ ነዎት።»

«ምንም የሌላት ተብሎ ይጻፋል?»

«ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ዜሮም ከሌሎቹ ጋር ይደመራል፤ አይጣልም።»

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያ ጻፊ። አንዴ ያሸከምንሽ ይበቃል።»

ዓርብ ልጄ ወረቀቱን ይዛ ገባች፤ እኔ ከግቢው በር ውጭ ባጃጆች የሚቆሙበት ቆሜ ጠበቅኩ። ዘበኛው «ስታት መጣች!» እያለ ይቀልድብኛል። ስትወጣ ፊቷን አይቼ ገባኝ። መምህሩ ሃያውን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ አንብቦ መጨረሻው ላይ ቆመ። ይህችኛዋ ላም ምን ሆና ነው አላት። ነጥፋ ነው፤ ባለቤቷ ግን ለዊጆ አጉድላ አታውቅም አለችው። ዜሮዋን በእስክሪብቶው ከቦ «አሁን ዳታ ሆነ፣» አለ። ተቀበላት። በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ስታትን አለፈች። «ሲ» ነው ያመጣችው፤ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

ግን ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። ማክሰኞ ውሸታም ያላት በስልሳ ተማሪ ፊት፣ በሙሉ ድምፁ ነው። ዓርብ ትክክል ነሽ ያላት ቢሮው ውስጥ፣ ለጆሮዋ ብቻ ነው። የሳቁት ስልሳዎቹ እስከ ዛሬ አልተነገራቸውም። ቁጥር አዋቂ አይደለ? ስልሳና አንድ እኩል አለመሆኑን እንዴት አጣው? ልጄ «ተይው አማ፣ አለፈ፣» ትለኛለች። እሷን አልፏት ይሆናል።

ቅዳሜ ዊጆ ስንሰበሰብ ሰብሳቢዋ ጣሳውን ባዶውን አምጥተው መሃል ላይ አስቀመጡት። «እኔ ወጥቻለሁ፤ ላሜ ነጥፋለች፤ ጣሳውን የሚይዝ ምረጡ፣» አሉ። ጎረቤቴ ተነሥታ ከራሷ ዕቃ ጣሳውን ሞላችና ትልቁ እንስራ ውስጥ ገለበጠችው። «የእትዬ ደረሰ፤ ቀጣይ፣» አለች። በሚቀጥለው እኔ ሞላሁላቸው። አሁን በየተራ ነው።

ላሜን በየማለዳው ዕቃውን ሳልሸፍን ነው የማልባት፤ ስንት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ስጨርስ ጆጉ ውስጥ እገለብጥና መስመሩን አየዋለሁ፤ ዛሬ ይቀንሳል እያልኩ። እስካሁን አልቀነሰም። እፈራለሁ፤ መፍራት አልተውኩም። ልጄን ያሳቀባት ግን ያልተናገርኩት ቁጥር ስለሆነ፣ በዊጆው ግቢ በአፌ ያልኩትን እዚህም በእጄ ልጽፈው።

ጠዋት ሁለት ሊትር ተኩል። ማታ ሁለት። ያየ ይየው።